በጨው ቤቱ ከልቤ የወጣው

ወንድሞች፣ እኅቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ተነሥቻለሁ። በብዙ እሑድ ልናገር ብዬ ተነሥቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ተመልሼ ተቀምጫለሁ፤ አይታችሁኛል። ዛሬ ግን አልቀመጥም። ትግርኛዬ አሁንም አንካሳ ስለ ሆነ በአማርኛ እናገራለሁ፤ ያልገባው አጠገቡ ያለውን ይጠይቅ። አስተማሪ ነኝና ነገሬን በሦስት ከፍዬዋለሁ። አንደኛ፣ አስቀድሞ የማምነው ምን እንደ ነበር፤ ሁለተኛ፣ ምን እንደ ደረሰብኝ፤ ሦስተኛ፣ ምን እንደ ተማርሁ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ብሰናከል ታገሡኝ። ስሙ ይባረክ!

እንግዲህ አንደኛው። ጣልያን ከለቀቀ በኋላ ከሸዋ ወደዚህ ወደ መቐለ ተልኬ ስመጣ ጢሜ በቅጡ አልወጣም ነበር። አማርኛና ግብረ ገብ አስተምር ነበር። የግብረ ገብ ትምህርት ስጀምር ሁልጊዜ በሰሌዳው ላይ በትልቁ የምጽፈው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረኝ፦ «ሰው ሲወለድ ጥሩ ነው።» ከሥሩ «ታዲያ ክፋት ከየት ይመጣል?» ብዬ እጽፍና ራሴው እመልሳለሁ። ካለማወቅ ይመጣል። ከረሃብ ይመጣል። ከፍርሃት ይመጣል። ሰውን አስተምረው፣ አብላው፣ አታስፈራራው፤ መልካም ሆኖ ታገኘዋለህ። በጣልያን ጊዜ ያየሁትን ሁሉ፣ ያለቁትን ዘመዶቼን ሳይቀር፣ በእነዚህ በሦስቱ መስመሮች አሰልፌ ጨርሼው ነበር። የማላስረዳው ነገር አልነበረም።

ማስረጃም ነበረኝ። ማስረጃዬ አደይ ለምለም ነበሩ። በግቢያቸው አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ባላቸው ከአፋር በግመል የሚመጣውን ጨው እየተቀበሉ ይነግዱ ነበር፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በግቢው ጥግ ያለው የጨው ቤት ባዶውን ቀርቷል። ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ መስኮት የለውም፣ ወለሉ ላይ የጨው ስብርባሪ እስከ ዛሬ አለ። እኔ አደይ፣ እናቴ፣ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ወደይ፣ ልጄ፣ ይሉኛል። የተቀደደ ኮቴን ጠቅመውልኛል። በደጃቸው የወደቀች ለማኝ ቤታቸው አስገብተው እስክትነሣ ድረስ ሲያስታምሙ በዓይኔ አይቻለሁ። በክፍል ውስጥ «ሰው ጥሩ ለመሆኑ ምስክር ከፈለጋችሁ አደይ ለምለምን ተመልከቱ» እል ነበር።

ከእሳቸው ጋር አንድ የምንስቅበት ነገር ነበረን። ይህን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል። በመጣሁ ሰሞን ምሳ ጋበዙኝ፤ እኔም ተነሥቼ እጅ ነሥቼ «ከልቤ አመሰግናለሁ» አልኋቸው። ግራ ገባቸውና ወደ ደጅ ተመለከቱ። «ኣየናይ ከልቢ?» አሉኝ። የቱ ውሻ? አያችሁ፣ አማርኛው «ከልቤ» ሲል ትግርኛው «ካብ ልበይ» ይላል። ለትግርኛ ጆሮ ግን «ከልቤ» ያው «ከልበይ» ነው፣ ውሻዬ። ይህን ሳስረዳቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ምግብ ባቀረቡልኝ ቁጥር «በል ወደይ፣ በከልብኻ ኣመስግነኒ» ይሉኝ ነበር፤ በውሻህ አመስግነኝ ማለታቸው ነው። ዓመት ሙሉ ሳቅንበት።

በዚያው ግቢ ሾፌር ሃብቱ ከሚስቱ ከአብረኸት ጋር ይኖር ነበር። አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ወንጌሉን ከአስመራ ይዞልን የመጣ እሱ ነው። ከቁሓ አስመራ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ከተማው ጸረ ማርያም ይለዋል፣ ሴቶች ሲያዩት ያማትባሉ። እኔም አልወደውም ነበር፤ በሃይማኖቱ ሳይሆን ንግግሩ ሥርዓት ስለሌለው። አንድ ቀን እጁን ከመኪና ግራሶ ሲታጠብ አገኘሁትና ትምህርቴን በሙሉ አስረዳሁት።

«እና ሁሉም ሰው ጥሩ ነው?» አለኝ።

«ሲወለድ።»

«አደይ ለምለምም?»

«እሳቸውማ!»

«አንተስ፣ መምህር?»

«እኔም ብሆን በሰው ላይ ክፉ አላስብም» አልሁት።

ሳቀ። የፊት ጥርሱ ጎዶሎ ስለ ሆነ ሲስቅ ያፏጫል። «ጽቡቕ» አለ፤ መልካም ማለቱ ነው። «ፍሬን የሌለው መኪናም ዳገት ላይ ጥሩ መኪና ነው።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ቁልቁለቱ ሲመጣ አንተ ታስረዳኛለህ።»

የሰደበኝ መስሎኝ ለብዙ ጊዜ ሰላምታ ነሣሁት።

አሁን ሁለተኛው። ክረምት ሊገባ ሲል በከተማው ዕቡድ ከልቢ፣ ያበደ ውሻ፣ ገባ ተባለ። አህያ ነክሶ አህያው ሞተ። ሰው ልጁን ቤት ዘግቶ ዱላ ይዞ መሄድ ጀመረ። በዚያው ሰሞን እኔ ታመምሁ። ራሴ ተፈለጠ፣ ሰውነቴ ነደደ፣ ከግራ ጎኔ ከጎድኔ ሥር እንደ ጦር ያለ ነገር ወጋኝ። ጉሮሮዬ ተዘግቶ ምራቄን እንኳ መዋጥ አቃተኝ። አደይ ለምለም ውሃ ሲያቀርቡልኝ በእጄ ገፋሁት፣ ፈሰሰ። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ምንህን ነው?» ይሉኛል። ያለችኝ ትግርኛ ከትኩሳቱ ጋር ተንና ጠፍታለች። «ከልቤ ሥር ነው» አልሁ። እጄን ጎኔ ላይ አድርጌ «ከልቤ! ከልቤ!» እያልሁ ጮኽሁ።

ወንድሞች፣ ምን እንደ ሰሙ ታውቃላችሁ። ውሃ አይቶ ይሸሻል፣ ለሃጩ ይወርዳል፣ ውሻ ውሻ ይላል። አንዱ «ነኺስዎ!» ብሎ ጮኸ። ነክሶታል! የቆመው ሁሉ ከአልጋዬ ተስፈንጥሮ ራቀ። ቀና ብዬ አደይ ለምለምን ፈለግሁ። እሳቸው ቃሉን ያውቁታል። አሁን ይስቃሉ፣ አሁን ያስረዱልኛል ብዬ ጠበቅሁ። «አደይ፣ ከልቤ!» አልኋቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በግመል መጫኛ አስረው ወደ ጨው ቤቱ ወሰዱኝ፣ በሩንም ከውጭ ቀረቀሩት።

ጉሮሮዬ ጥቂት ሲከፈትልኝ ጥሙ መጣ። በጨው ላይ ተኝቶ መጠማትን ላስረዳችሁ አልችልም፤ እኔ ሁሉን የማስረዳው ሰው አልችልም። ከንፈሬን ብልስ ጨው ነው። እንባዬ ቢወርድ ጨው ነው። «ውሃ!» ብዬ ስጮኽ ከውጭ «ሰምታችኋል? አሁን ደግሞ ሊያታልለን ነው» ይላሉ። ሲመካከሩ ይሰማኝ ነበር። አንዱ «እንዲህ ከሚሠቃይ ትራስ ቢጫንበት ለእርሱም ዕረፍት ነው» አለ። ድምፁን አወቅሁት። የተማሪዬ አባት ነው፤ በዓል በመጣ ቁጥር ማር የሚልክልኝ ሰው። በቁጣ አልነበረም የተናገረው። በርኅራኄ ነበር፣ ማሩን ሲያቀብለኝ በሚናገርበት በዚያው ለስላሳ ድምፅ።

አደይ ለምለም አለቀሱ። ራሩልኝ ብዬ ጆሮዬን ወደ በሩ አዞርሁ። «በቤቴ አይሁን» አሉ።

«አይሁን» አላሉም፣ ወንድሞቼ። «በቤቴ አይሁን» ነው ያሉት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሃብቱ ከአስመራ ገባ። ከበሩ ውጭ ክርክሩን ሰማሁ።

«ክፈቱልኝ» ይላል።

«ሓወይ ሃብቱ፣ ወንድሜ፣ ሰውዬው አብዷል! ይነክስሃል!»

«ማበዱን ሰምቻለሁ። ውሃ ሰጣችሁት?»

«ውሃ አይፈልግም።»

«እየጮኸ የሚለምነው ምንድን ነው ታዲያ?»

አንዱ «ተዉት ይግባ! ማርያምን ያልፈራ ውሻ ይፈራል እንዴ?» አለና ሰዉ ሳቀ። በእኔ ሞት ደጅ ላይ ቆመው ሳቁ። ሃብቱ ግን አልገባም። ብዙ ቆየ። የትንፋሹን ፉጨት ከበሩ ማዶ እሰማዋለሁ፣ መግባቱን ግን አይገባም። ሄዷል ብዬ ተስፋ ስቆርጥ መቀርቀሪያው ተሳበ። ውሃ በጣሣ ይዞ ገባና «ኣጆኻ፣ አይዞህ፣ መምህር» ብሎ ጎንበስ አለ፤ የእጄን ገመድ መፍታት ጀመረ።

እጁ በፊቴ አጠገብ አለፈ። ግራሶ ግራሶ ይሸታል። የማን እጅ እንደ ሆነ አወቅሁ፣ ለምን እንደ መጣም አወቅሁ። በዚያ ሰዓት ትኩሳቱ አእምሮዬን አልጋረደውም ነበር፤ ይህን በጌታ ፊት እናገራለሁ። ነከስሁት። ከአውራ ጣቱ ሥር፣ ጥርሴ ከጥርሴ እስኪገናኝ። ደሙ አፌ ውስጥ ገባ፣ ደስም አለኝ። ከታመምሁ ወዲህ ያገኘሁት የመጀመሪያው ደስታ እሱ ነበር።

ሃብቱ ጮኸ። ውጭ ያሉት ጩኸቱን ሰሙ፣ ደሙን አዩ፣ በሩን በሁለታችን ላይ ዘጉት። መቀርቀሪያው ቦታው ሲገባ አብረን ሰማነው።

እስቲ ወንድሞች፣ እንደ ተማሪዎቼ ሁኑና መርምሩት። ካለማወቅ ነው? አውቄዋለሁ። ከረሃብ ነው? የሚያስፈልገኝን ይዞልኝ መጥቷል። ከፍርሃት ነው? እየተፈታሁ ነበር። ሦስቱም መልሶቼ አለቁ። አንድ መልስ ቀረ፤ ያንኑ ስጮኸው ነበር የሰነበትሁት። ከልቤ ነበር። ጌታ ክፋት ከየት እንደሚወጣ ሲናገር ወደ የት እንደ ጠቆመ ታውቃላችሁ። ወደ ውጭ አልነበረም። ጎረቤቶቼ ውሻ የነከሰው ሰው ነው ሲሉ የተሳሳቱት በሕመሙ ነው፤ ስለ ሰውየው ግን ብዙ አልተሳሳቱም።

ሃብቱ ጣቱን በመሐረብ ጠቅልሎ ጣሣውን አነሣ። ግማሹ ፈስሷል። የቀረውን በጠብታ በጠብታ በአፌ ጨመረልኝ። ዋጥሁት። ስውጥ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«አላበድህም እንዴ!»

«አላበድሁም።»

«ታዲያ ለምን ነከስኸኝ?»

እኔም መልሼ «አንተስ ያበድሁ መስሎህ ነው የገባኸው?» አልሁት።

«አዎ።»

«እንግዲያው አንተ ጥሩ ሰው ነህ። አንተ ማስረጃዬ ነህ።» ያን ጊዜም፣ ወንድሞቼ፣ ደሙ ከአፌ ሳይደርቅ፣ ትምህርቴን ላድን እሞክር ነበር!

እያፏጨ ሳቀ። «እኔ? በሩ ላይ ቆሜ ምን ስጸልይ እንደ ነበር ልንገርህ? ጌታ ሆይ፣ እኔ ሳልገባ ይሙት እያልሁ ነበር። እግሬ ወደ መኪናዬ ዞሯል። ቤንዚን አለኝ፣ መንገድ አለኝ፤ ማን ይፈርድብኛል?»

«ታዲያ ማን አስገባህ?»

ጣሣውን ተመለከተ። ነገር ማስረዳት አይችልም ነበር፣ ቃል ያጥረዋል። «ውሃውን የያዘው ሌላ ነው» አለኝ። «እኔ እሱን ተከትዬ ነው የገባሁ።»

ክብር ለስሙ ይሁን! ይህን ቃል ስንት ጊዜ ልተነትነው ሞከርሁ፣ እንቢ አለኝ። በዚያ ቀን ግን አልተነተንሁትም። በጨው ላይ ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ እኔ ጥሩ አይደለሁም፤ አንተ ግባልኝ» አልሁ። ጸሎቴ ይኸው ነበር። ወዲያው ላብ አጠመቀኝ፣ ገላዬ በረደ፣ የጎኔ ውጋት ጠፋ። ተፈወስሁ! ሃሌ ሉያ!

እዚህ ላይ ብቀመጥ ምስክርነቴ ባማረ ነበር። ግን እውነቱ እዚህ አላበቃም።

በሩን አልከፈቱልንም። «ተፈውሷል!» ብንል ማን ይሰማናል? አብረኸት በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ቂጣና ውሃ እየገፋች ለብዙ ቀን ታቀብለን ነበር። እንዲከፍቱልን ለምና ለምና ሲሰለቻት ሐኪም ፍለጋ በእግሯ ቁሓ ሄደች፤ ሐኪሙ ገጠር ወጥቶ ኖሮ እስኪመለስ እዚያው ጠበቀችው። በዚህ መካከል ሃብቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ራሴን ይላል፣ ጎኔን ይላል። እኔ የታመምሁትን ሕመም አንድ በአንድ ታመመው። ጸለይሁለት። ለእኔ የወረደው ላብ ለእሱ አልወረደም። ለምን? አትጠይቁኝ፤ ለዚህ የሚሆን ሰሌዳ የለኝም። ከውጭ ግን ለሁሉ መልስ ነበራቸው፤ «ያዘው! ንክሻው ያዘው!» ይላሉ።

ሐኪሙ ሲመጣ በሩን ራሱ ከፈተ። የእኔን ሸሚዝ ገልብጦ ስፌቱን አየ፣ የሃብቱንም አየ። «ይህ እብደት አይደለም፤ የግርሻ ትኩሳት ነው» አለ። «ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያደርሰው ቅማል ነው። ሁለቱን በአንድ ክፍል የዘጋባቸው ማን ነው?» አደይ ለምለም መሬት መሬቱን አዩ። ሃብቱን በገዛ መኪናው ላይ አስተኝተው፣ ሌላ ሾፌር እየነዳለት፣ ወደ ቁሓ ይዘውት ሄዱ። ቁሓ ሳይደርስ ዐረፈ።

ከተማው እስከ ዛሬ ድረስ በመምህሩ ንክሻ ሞተ ይላል። ሐኪሙ ቅማል ነው የገደለው ይላል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልከራከርም። ቅማሉም የእኔ ነበር።

እንግዲህ ሦስተኛው። ትምህርት ቤት ስመለስ ዐረፍተ ነገሩ በሰሌዳው ላይ እንደ ነበረ አገኘሁት፣ አጠፋሁት። ተማሪዎቹ በእሱ ፈንታ ምን እንደምጽፍ ሲጠብቁ ቆዩ። ምንም አልጻፍሁም። የዚያን ዕለት አደይ ለምለም ምሳ አቀረቡልኝ። ስለ ውሻው ቀልድ አልቀለዱም። እኔም አልኋቸው፦ «አደይ፣ ያን ቃል እርስዎ ያውቁት ነበር።»

«ፈሊጠዮ ነይረ፣ ወደይ» አሉ። አውቄው ነበር። «እንዲህ ማለቱ ነው ብዬ ብናገር፣ እንግዲያው አንቺ ግቢና አስታሚው ይሉኝ ነበር።» ይህን ብለው ወጥ ጨመሩልኝ።

በላሁ። ዛሬም በዚያው ግቢ ነው የምኖረው፣ ዛሬም ኮቴን የሚጠቅሙልኝ እሳቸው ናቸው። ይቅር ብያቸዋለሁ፤ ጥሩ ናቸው ግን አልልም። ዳገት ላይ ናቸው። እኔም ዳገት ላይ ነኝ። እናንተም ስትዘምሩ ደስ ትላላችሁ፣ ነገር ግን ያን ቀን በግቢው ቆማችሁ የሳቃችሁ በዚህ ቤት ውስጥ አላችሁ፤ ስም አልጠራም። ቁልቁለቱ ምን እንደሚመስል ሁላችን አይተናል።

አንድ ነገር ብቻ ተናግሬ ልጨርስ። አብረኸት ይኸው ማድጋው አጠገብ ተቀምጣለች። እሑድ እሑድ ጉባኤው ሲያበቃ ለሁላችን ውሃ የምትቀዳው እሷ ናት። ለእኔ የምትቀዳልኝ በሃብቱ ጣሣ ነው። ለረጅም ጊዜ ፊቷን ሳላይ ተቀብዬ ሳላይ እመልስላት ነበር። ባለፈው እሑድ ግን አላስቻለኝም። «አብረኸት፣ ይህን ውሃ የምትሰጪኝ ከልብሽ ነው?» አልኋት። ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ የተናገርሁት ምን እንደ ሆነ ታወቀኝና ደነገጥሁ።

አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። «ካብ ልበይስ ኣይኮነን» አለችኝ። ከልቤስ አይደለም። «ከልቤ ቢሆን ኖሮ በራስህ ላይ ነበር የምደፋው።»

ጣሣውን ግን አልመለሰችውም። እስክጠጣ ድረስ ይዛልኝ ቆመች።

ወንድሞች፣ እኅቶች፣ ሦስተኛው ትምህርቴ ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። በእኔ አትታመኑ፤ የምነክስ ሰው ነኝ። በጎረቤታችሁ ደግነት አትታመኑ፣ በራሳችሁ ደግነትም አትታመኑ። ከእኛ ልብ ያልሆነ ውሃ ግን በእጃችን ሲያልፍ አይቻለሁ፣ ጠጥቼም ድኛለሁ። የተጠማ ካለ ወደ እርሱ ይምጣ፤ ጣሣውን የያዘውን ይመነው። እኔን ስላኖረኝ ምስጋና ለእርሱ ይሁን።

ጉሮሮዬ ደረቀ። አብረኸት፣ እባክሽ ውሃውን።